ካታማራኗ ለምን ወደ ነፋስ ትጎትታለች? የመሪው ክብደት ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቃለል

በትንሽ ካታማራን ላይ ጠንከር ባለ ነፋስ መሪ የያዘ ሰው ክንዱ ቶሎ ይዝላል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ጀልባዋ አፍንጫዋን ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ማዞር ትፈልጋለች፤ ሰውየው ደግሞ የመሪውን ዘንግ ወደ ራሱ እየጎተተ ወደ መንገዷ ይመልሳታል። ይህ መጓተት በልክ ሲሆን ጤናማ ነው። ሲበዛ ግን ሰውን ያደክማል፤ ጀልባዋንም ያዘገያል፤ ምክንያቱም ጠምዘዝ ብሎ በውሃ ውስጥ የሚጎተት መሪ ልክ እንደ ፍሬን ይይዛል።

ችግሩ በሸራ ጀልባ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። መፍትሔው ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በተሳሳተ ቦታ ነው። አዲስ ጀማሪ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ምሰሶውን (ሸራዎቹን የሚሸከመውን የቆመ ዘንግ) ወደ ፊት አቅናው» የሚል ነው። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ ምክሩ የሚያገለግለውም ለአንዱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ችግር ጀልባዋ በእርግጥ ወደ ነፋስ መዞር መፈለጓ ነው። ሁለተኛው ጀልባዋ ደኅና ሚዛን ይዛ እየሄደች መሪው ብቻ በእጅ ላይ መክበዱ ነው። እጅ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ የሚሰማው ክብደት ብቻ ነው። ከባሕር ዳርቻ በሚነሡ ትናንሽ ካታማራኖች ላይ ደግሞ ሁለተኛው ችግር እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ ምሰሶ ከመነካቱ በፊት መሪውን መመርመር ይገባል።

የምንነጋገረው ስለ ምን ዓይነት ጀልባ ነው?

ካታማራን ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ የጀልባ አካላት፣ በአግዳሚ ዘንጎች የተያያዙበት ጀልባ ነው። በመካከላቸው ሰው የሚቀመጥበት የተወጠረ የጨርቅ ወለል አለ። ለዚህ ጽሑፍ በዓለም ላይ በብዛት ከተሠሩት አንዷን፣ ሆቢ 16ን፣ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቷ 5.05 ሜትር፣ ስፋቷ 2.41 ሜትር፣ ክብደቷ 145 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች ይነዷታል። ሁለት ሸራዎች አሏት፤ ከምሰሶው ኋላ ትልቁ ዋና ሸራ፣ ከምሰሶው ፊት ደግሞ ትንሹ የፊት ሸራ። የሁለቱ ስፋት በድምሩ 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው።

ጀልባዋን የፈጠራት በካሊፎርኒያ የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ ይሠራ የነበረው ሆቢ አልተር ነው። ሐሳቡ ከወደብ ሳይሆን ከአሸዋው ላይ ተገፍታ በማዕበሉ መካከል የምታልፍ ጀልባ መሥራት ነበር። ስለዚህ ብዙ የሸራ ጀልባዎች ከሆዳቸው በታች ወደ ውሃ የሚሰዱት ሰሌዳ ለእርሷ አልተሠራላትም፤ አሸዋ ላይ ስትወጣ ይሰበር ነበርና። በሰሌዳው ፈንታ ሁለቱ ቀፎዎች ውጭና ውስጥ ጎናቸው እኩል አይደለም፤ ውጭው ጠፍጠፍ ያለ፣ ውስጡ ቆልመም ያለ ነው። ነፋስ ወደ ጎን ሲገፋት ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚያደርጋት ይህ ቅርጽ ነው። ይህን ማወቅ ለጉዳያችን ይጠቅማል፤ ሰሌዳ ስለሌላት ሰሌዳውን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ሚዛኗን ማስተካከል አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን «የነፋስ ጎን»፣ ተቃራኒውን «የከለላ ጎን» እንላቸዋለን። መሪ ስንል ከእያንዳንዱ ቀፎ ኋላ የተንጠለጠለውን ክፍል በሙሉ ማለታችን ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው የመሪ ሰሌዳ፣ በእጅ የሚያዘው ደግሞ የመሪ ዘንግ ነው።

ወደ ነፋስ የሚያዞራት ምንድን ነው?

አንድን በር ያስቡ። በሩ የሚዞረው በማጠፊያው ዙሪያ ነው። ማጠፊያው አጠገብ ቢገፉት እምብዛም አይነቃነቅም፤ እጀታው ያለበትን ዳር ቢገፉት ግን በቀላሉ ይዞራል። ለውጡን ያመጣው የኃይሉ መጠን ሳይሆን ከማጠፊያው ያለው ርቀት ነው።

ጀልባም በዓይን የማይታይ ማጠፊያ አላት። ቀፎዎቿና መሪዎቿ ወደ ጎን ላለመንሸራተት ውሃውን ይገፋሉ፤ የዚህ ሁሉ ግፊት አማካይ ቦታ ጀልባዋ የምትዞርበት ነጥብ ነው፤ የውሃው ነጥብ እንበለው። ሸራዎቹም እንዲሁ አማካይ ነጥብ አላቸው፤ ነፋሱ በሸራዎቹ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ሁሉ በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የነፋሱ ነጥብ ከውሃው ነጥብ በላይ ቀጥ ብሎ ካረፈ ጀልባዋ ወደ የትም አትዞርም። ወደ ኋላ ካፈገፈገ ነፋሱ የጀልባዋን ጅራት ወደ ከለላ ጎን ይገፋዋል፤ አፍንጫዋም ወደ ነፋስ ይዞራል። ወደ ፊት ካለፈ ነገሩ ይገለበጣል፤ አፍንጫዋ ከነፋስ ይሸሻል።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆመው ሸራ በእጃቸው ይዘው የሚንሸራተቱ ሰዎች መሪ የሚባል ነገር የላቸውም። ሸራውን ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት ሰሌዳው ወደ ነፋስ ይዞራል፤ ወደ ፊት ሲያዘነብሉት ከነፋስ ይርቃል። ከሚሽከረከሩባቸው መንገዶች ዋነኛው ይህ ነው። የሁለቱ ነጥቦች ርቀት ብቻውን ጀልባን መንዳት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አንድ ቀፎ ባላቸው ጀልባዎች ላይ ችግሩን በእጅጉ የሚያባብሰው ማጋደል ነው። ጀልባዋ ወደ ከለላ ጎን ስታጋድል ሸራው ከቀፎው ውጭ ተንጠልጥሎ ይገፋል፤ ይህም ወደ ነፋስ ያዞራታል። ስለዚህ ለእነርሱ የሚሰጠው ምክር «ጀልባዋን ቀጥ አድርጋችሁ ንዱ» የሚል ነው። ካታማራን ግን ሰፊ ስለሆነች እምብዛም አታጋድልም፤ ከእነዚያ ጀልባዎች የተወሰደ ምክር በቀጥታ አይሠራላትም። ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

የትኛው ችግር እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

ምንም መፍቻ ሳይነሣ የሚደረግ ፍተሻ አለ። ጀልባዋ አሸዋ ላይ ሳለች ሁለቱን የመሪ ሰሌዳዎች ቀጥ ያድርጉ። የሁለቱን መሪዎች ዘንጎች የሚያገናኘው አግዳሚ ብረት መሃሉ የት ላይ እንዳለ ይመልከቱና በትይዩ፣ ሁለቱን ቀፎዎች በሚያያይዘው የኋላ አግዳሚ ዘንግ ላይ፣ በቀለማም ፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ከዚያ መካከለኛ ነፋስና ጸጥ ያለ ውሃ ባለበት ቀን ይውጡ። ሁለቱም ሸራዎች በሚገባ ተወጥረው፣ ወደ ነፋስ በተቻለ መጠን ተጠግተው፣ ቀጥ ባለ መስመር ይሂዱ። መሪ የያዘው ሰው ዓይኑን ከፊት አይንቀል፤ ሌላው ሰው ዞር ብሎ ምልክቱን ይመልከት።

የመሪው ዘንግ ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ስሌቱ ምቹ ነው፤ ጫፉ ከምልክቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ሰሌዳው 1 ዲግሪ ያህል ዞሯል ማለት ነው። ጀልባዋ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ዘንጉ ወደ ነፋስ ጎን 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ መውጣት ካስፈለገው ሚዛኗ ጥሩ ነው። በዚህ ሁኔታ መሪው ክንድ የሚሰብር ክብደት ካለው ጥፋቱ የመሪው ነው እንጂ የሸራው አይደለም። ዘንጉ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ሲቆይ ግን ጀልባዋ በእርግጥ ወደ ነፋስ እየዞረች ነው። ሰሌዳው 15 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ውሃው ከጀርባው ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ መሪው መያዝ ያቆማል፤ የሚቀረው መጎተቱ ብቻ ነው።

ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜም አለ። እንዲያም ቢሆን ከመሪው መጀመር ይሻላል፤ ሥራው ርካሽ ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታያል።

መሪው ብቻውን የሚከብደው ለምንድን ነው?

የበሩ ነገር እዚህም ይሠራል። የመሪው ማጠፊያ ከቀፎው ጋር የሚያያዝበት የቆመ ብረት ነው። ውሃው በሰሌዳው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አማካይ ቦታ ደግሞ ከሰሌዳው የፊት ጠርዝ ተነሥቶ የስፋቱ ሩብ ላይ ነው። ሰሌዳው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ግፊቱ የሚያርፈው ከፊት ጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። የማጠፊያው ብረት ወደ ታች ቢረዝም በዚሁ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ውሃው መሪውን የሚያዞርበት ጉልበት አያገኝም፤ እጅም ምንም አይሰማውም። ሰሌዳው ከዚህ መስመር ወደ ኋላ በራቀ መጠን ክብደቱ ይጨምራል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተመረጡ ናቸው። ሁለቱ ሰሌዳዎች በአንድነት 20 ኪሎ ግራም የሚያህል የጎን ግፊት ተሸክመዋል እንበል። ግፊቱ የሚያርፈው ከማጠፊያው መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ኋላ ቢሆን፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ እጅ የሚይዘው ክብደት ሰባት መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። አሁን ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ሳይወርድ 10 ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ ቢቀር፣ የግፊቱ ነጥብ ከሰሌዳው ማንጠልጠያ ቡሎን 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ከሆነ፣ ነጥቡ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። 2 የነበረው 9 ሆነ። በእጅ ላይ ያለው ክብደት 3 ኪሎ ግራም ገባ። በጀልባዋ ሚዛን፣ በሸራው፣ በነፋሱ ላይ የተለወጠ አንዳች ነገር የለም። ተቀምጦ ለሚያየው 10 ዲግሪ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ግን 3 ኪሎ የሚመዝን ነገር በተዘረጋ እጅ ሳያወርዱ መያዝ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

ፍጥነት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የውሃ ግፊት ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ያድጋል። በዝግታ ሲሄዱ ያልተሰማ ጉድለት ጀልባዋ ስትበር በድንገት የሚገለጠው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ነፋሱ ስለበረታ ሸራው አዞራት» ብሎ ይደመድማል፤ እውነቱ ግን ከኋላው፣ ከውሃው በታች ነው።

ሰሌዳው ወደ ኋላ የሚቀረው በምን ምክንያት ነው?

ከባሕር ዳርቻ የሚነሡ ካታማራኖች መሪ አሸዋ ሲነካ እንዳይሰበር ወደ ላይ እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን በሞላ የሚገፋ ትንሽ መቆለፊያ ይይዘዋል። ሞላው ከደከመ፣ መቆለፊያው ውስጥ አሸዋ ከገባ ወይም ፕላስቲኩ ከተበላ፣ ሰሌዳው የተቆለፈ መስሎ በፍጥነት ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይከፈታል። ይህን መርምሮ ማግኘት ቀላል ነው። ጀልባዋን ኋላዋ ከመሬት ከፍ እንዲል አስደግፈው ሰሌዳውን ይቆልፉ፤ ከዚያ የሰሌዳውን የታች ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ በጽኑ ይሳቡ። ጠንካራ ሆኖ ከቆየ ደኅና ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንኳ ከለቀቀ ባሕር ላይ ከዚያ የበለጠ ይለቃል። መቆለፊያውን ፈትቶ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ሞላውን መለወጥ ወይም ማጥበቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ማርጀት ነው። ቡሎኖቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችና በውስጣቸው ያሉት ቡሽንጎች ከጊዜ ብዛት ይሰፋሉ። የሰሌዳውን ጫፍ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዙት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ቡሽንጉንና ቡሎኑን መለወጥ፣ ክፍተቱን በስስ ሮንዴላ መሙላት ያስፈልጋል። የላላ መሪ ክብደት ብቻ ሳይሆን በፍጥነት ጊዜ መንቀጥቀጥም ያመጣል።

መቆለፊያውም ቡሎኑም ደኅና ሆኖ ሰሌዳው ከማጠፊያው መስመር ኋላ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የሰሌዳውን አቀማመጥ ራሱን መለወጥ ነው። አንዳንድ ጀልባዎች ለዚህ ማስተካከያ ቡሎን አላቸው። ለሌላቸው ሰሌዳው ወደ ፊት ሲመጣ የሚያቆመውን ጠርዝ በሞረድ ጥቂት ማንሣት፣ ወይም የማንጠልጠያውን ቀዳዳ በኢፖክሲ ደፍኖ ሲደርቅ በትራፓኖ በአዲስ ቦታ መብሳት ይቻላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ማቆሚያው ከቡሎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በእርሱ ላይ የሚደረግ የ2 ሚሊ ሜትር ለውጥ 70 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ባለው የሰሌዳው ጫፍ ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ጥቂት ሞርዶ ወጥቶ መሞከር፣ ተመልሶ እንደገና ጥቂት መሞረድ ነው መንገዱ። ከመጠን በላይ ወደ ፊት የሄደ ሰሌዳ አደገኛ ነው፤ የግፊቱ ነጥብ ከማጠፊያው ፊት ካለፈ መሪው በራሱ ወደ አንዱ ጎን መፈናጠር ይጀምራል፤ እጅ ከመጎተት ይልቅ እየገፋ ሊይዘው ይገደዳል። ለውድድር የሚወጣ ሰው ደግሞ የጀልባው ዓይነት ሕግ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የቀረው ሜትር ብቻ የሚፈልግ ነው። ሁለቱ ሰሌዳዎች ወርደው ሳሉ በፊት ጠርዞቻቸው መካከል ያለውን ርቀት፣ ከዚያም በዚያው ከፍታ በኋላ ጠርዞቻቸው መካከል ያለውን ይለኩ። እኩል መሆን አለባቸው፤ ካልሆነም የፊቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ሁለቱ መሪዎች እርስ በርስ እየታገሉ ነው ማለት ነው። ማስተካከያው አግዳሚው ማገናኛ ብረት ጫፍ ላይ ነው።

ጀልባዋ በእርግጥ ወደ ነፋስ የምትዞር ከሆነስ?

መሪው ተፈትሾ ደኅና ከሆነና ዘንጉ አሁንም ከምልክቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ ወደ ሸራዎቹ መሄድ ነው። የሚጀመረውም ከፊት ሸራው ነው። የፊት ሸራው የሚገፋው ከማይታየው ማጠፊያ ፊት ሆኖ ስለሆነ አፍንጫውን ከነፋስ ያርቃል፤ ዋናው ሸራ ከኋላ ሆኖ የሚያደርገውን ይቃወማል። የፊት ሸራው ከላላ ዋናው ሸራ ያለ ተቃዋሚ ይቀራል። ነፋስ ሲበረታ ኃይል ለመቀነስ የፊቱን ሸራ የሚያወርዱ ሰዎች አሉ፤ ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን መሪው የባሰ መክበዱ፣ ጀልባዋም አቅጣጫ ለመለወጥ ስትዞር ነፋሱ ፊት ላይ ደርሳ ቀጥ ብላ መቆሟ ነው። ኃይል መቀነስ ካስፈለገ ከዋናው ሸራ መቀነስ ይሻላል።

ከዋናው ሸራ የሚቀነሰውም በቅደም ተከተል ነው። ሸራ ነፋስ ሲሞላው ሆድ ያወጣል። ሆዱ ወደ ምሰሶው ቀርቦ ሲሆን ኃይሉ ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ ኋላ ጠርዝ ሲሸሽ ግን የነፋሱ ነጥብም አብሮት ይሸሻል። የሸራውን የፊት ጠርዝ ወደ ታች የሚወጥረውን ገመድ ጠበቅ ማድረግ ሆዱን ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ የኋላ ጠርዙንም ከላይ በኩል ከፈት አድርጎ ትርፉን ነፋስ ይለቃል። ነፋሱ እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ የሚነካው ገመድ ይህ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙዎች ግን ጠዋት እንዳሰሩት እስከ ማታ አይነኩትም። ቀጥሎ የዋናው ሸራ መጎተቻ ገመድ የሚንሸራተትበትን መያዣ ወደ ከለላ ጎን መልቀቅ ነው፤ ሸራው ቅርጹን ሳያጣ ወደ ጎን የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። ከመጠን በላይ የተወጠረ መጎተቻ ገመድ የኋላ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ሁለተኛ መሪ ስለሚያደርገው፣ አንድ ክንድ ያህል ማላላት ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

ሸራው ያረጀ ከሆነ ግን ገመድ ብቻውን አያድነውም። ጨርቁ ከዓመታት ፀሐይና ነፋስ በኋላ ይለጠጣል፤ ሆዱም ወደ ኋላ ተንሸራትቶ እዚያው ይቀራል። በሸራው ውስጥ በአግድም የገቡት ተጣጣፊ ዘንጎች ከልክ በላይ ተጠብቀው እንደሆነ ማላላት ጥቂት ይረዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሸራውን መለወጥ ነው።

የተቀመጡበት ቦታ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ሁለት ሰዎች 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ በአንድነት 150 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ከጀልባዋ ከራሷ ይከብዳሉ። የሆቢ 16 ቀፎ ከታች እንደ ሙዝ ጎበጥ ያለ በመሆኑ ሰዎቹ ወደ ፊት ሲጠጉ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ጅራቷ ይነሣል። የማይታየው ማጠፊያም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሸራው ግን ባለበት ነው፤ ስለዚህ የነፋሱ ነጥብ ከማጠፊያው ይበልጥ ኋላ ይቀራል። ጠንካራ ነፋስ የከለላውን ጎን አፍንጫ ወደ ውሃ ሲደፍቀው መሪው በድንገት የሚከብደው ለዚህ ነው። ሁለቱም ሰዎች ወደ ኋላ ፈቀቅ ሲሉ አፍንጫው ይወጣል፤ መሪውም ይቀላል። በቀላል ነፋስ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ፊት መጠጋት ይጠቅማል፤ ከኋላ ጅራቷ ውሃ እየጎተተ እንዳያዘገያት።

እና ምሰሶው?

ምሰሶውን የሚይዙት ከፊት አንድ ሽቦ፣ ከጎን ሁለት ሽቦዎች ናቸው። የፊቱን አሳጥሮ የጎኖቹን ማስረዘም ምሰሶውን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ የነፋሱ ነጥብም ወደ ፊት ይመጣል፤ ወደ ነፋስ መዞሩ ይቀንሳል። በንድፈ ሐሳብ ከሁሉ ቀጥተኛው መድኃኒት ይህ ነው። በመጨረሻ የተነሣበት ግን ምክንያት አለ።

የሆቢ 16 አፍንጫዎች ቀጫጭን ናቸው፤ ብዙ ክብደት አይሸከሙም። ምሰሶው ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ሸራው አፍንጫዋን ወደ ታች መጫን ይቀናዋል፤ በጠንካራ ነፋስ አፍንጫዋ ጠልቆ ጀልባዋ በፊት በኩል የምትገለበጥበት አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ከምክሩ ተቃራኒ ሆነው ምሰሶውን ወደ ኋላ በጣም ያዘነብላሉ፤ የዋናው ሸራ ገመድ የላይኛውና የታችኛው ፑሊዎች ተገናኝተው እስኪነካኩ ድረስ። በዚህ የሚመጣውን ተጨማሪ ክብደት የሚቆጣጠሩት በመሪው ሰሌዳ አቀማመጥ ነው። እነርሱ መሪውን ስላስተካከሉ ምሰሶውን እንደልብ ማዘንበል ቻሉ፤ መሪውን ያላስተካከለ ሰው ግን እነርሱን አይቶ ምሰሶውን ብቻ ቢያዘነብል ክንዱ አይችለውም።

ምሰሶውን መለወጥ ካስፈለገ በጎን ሽቦዎቹ ማስተካከያ ላይ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ፈቀቅ ማድረግ፣ ያንኑ ፍተሻ መድገም ነው። የፊቱ ሽቦ ርዝመት ሲለወጥ የፊት ሸራው ውጥረትም አብሮ ስለሚለወጥ እርሱንም እንደገና ማስተካከል ይገባል።

ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ ላላቸው ካታማራኖች ነገሩ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. የተነደፈችውና ከ1976 እስከ 2008 ዓ.ም. በኦሊምፒክ የተወዳደረችው ቶርናዶ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አላት። ሰሌዳውን በከፊል ማንሣት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበል የውሃውን ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚወስደው ወደ ነፋስ መዞሩን ይቀንሳል፤ ምሰሶ መንካት ላያስፈልግ ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ለምን አይጠፋም?

መሪ የያዘው ሰው ባሕር ላይ ቢወድቅ ወይም ዘንጉ ከእጁ ቢያመልጥ፣ ወደ ነፋስ የምታዘነብል ጀልባ ራሷን ወደ ነፋስ አዙራ ሸራዎቿ እየተርገበገቡ ትዘገያለች። የወደቀው ሰው ዋኝቶ የሚደርስባት ዕድል አለው። ከነፋስ የምትሸሽ ጀልባ ግን ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ፍጥነት ጨምራ ትሄዳለች። ሰውየውን ባሕር ላይ ትታ ልትርቅ፣ ወይም ሸራዋ በድንገት ወደ ሌላው ጎን ተወርውሮ ልትገለበጥ ትችላለች። ካታማራን ከዋናተኛ ይልቅ በጣም ፈጣን ናት፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም።

ሌላም ጥቅም አለ። ሰሌዳው 3 ወይም 4 ዲግሪ ዞር ብሎ ሲሄድ ውሃውን ወደ ከለላ ጎን እየገፋ ጀልባዋን ወደ ነፋስ ጎን ያግዛታል፤ ወደ ጎን የምትንሸራተተውን ይቀንስላታል። ከሆዷ በታች ሰሌዳ ለሌላት ጀልባ ይህ እርዳታ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ በምልክቱ ላይ የመሪው ዘንግ ወደ ነፋስ ጎን 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ፣ በሁለት ጣት መያዝ የሚቻል ሆኖ ሲገኝ መፍቻውን ወደ ሣጥኑ መመለስ ነው። ዘንጉ ከምልክቱ ጋር ልክ ሲገጥም ወይም ወደ ከለላ ጎን ሲያልፍ ግን ማስተካከያው ከልክ አልፏል፤ ምሰሶውን አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።